ትከሻዬን ማን ሰቀለው?

ደብረ ማርቆስ ላይ «ትከሻዬን ያመኛል» ካላችሁ ሐኪም ያልሆነ ሰው አታገኙም። አንዷ ጎረቤት «ብርድ ነው፤ የጮቄ ንፋስ ገብቶብሽ ነው፣ ማታ ማታ ጋቢ ደርቢ» ትላለች። ሌላዋ «ነርቭ ነው» ትልና የእህቷን ባል ታሪክ ከሥር መሠረቱ ትጀምራለች። ሦስተኛዋ ምንም ሳትጠይቅ ማጅራቴን በአውራ ጣቷ ጨመቅ ታደርግና «ውይ እኔን! ደም ቋጥሮ ነው» ትላለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ሰው አይጠፋባትም፤ ስለዚህ ምርመራውም አይቋረጥም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አንገቱ፣ ትከሻው፣ መንጋጋው ወይም ወገቡ ለዓመታት ተገትሮ ለሚኖር፣ ተመርምሮም «ምንም የለብህም» ለተባለ ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። የነገሩኝን፣ ያነበብኩትንና በራሴ ገላ ያየሁትን ነው የምናገረው።

የእኔ ሕመም ከማጅራቴ ተነስቶ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ጫፍ ይሄዳል። ጠዋት ስነሳ ጭራሽ ያልተኛሁ ያህል ይደክመኛል። ከሰዓት በኋላ ራስ ምታቱ ከኋላ ይጀምርና ዓይኔ ጀርባ ይቀመጣል። ሳዛጋ መንጋጋዬ ቋ ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ እየሰማ «ምን እያኘክሽ ነው?» ይለኛል። ነሐሴና መስከረም የዩኒፎርም ሥራ ሲጎርፍ ይብስብኛል። ጥምቀት ሲቃረብ፣ ፋሲካ ሲቃረብ እንደዚያው ነው። ይሄ እንኳ ይገባኛል፤ ሥራ ነው። ግራ የገባኝ ሥራ በሌለኝ ሳምንት፣ ዘመድ ቤት ቁጭ ብዬ ስጫወት እንኳ የማይለቀኝ ነገር ነበር።

ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ቅቤ ቀብተው አሹኝ፤ የዚያን ዕለት እንደ ሕፃን ተኛሁ። በነጋታው እዚያው ነበርኩ። ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እየገዛሁ ስውጥ ከረምኩ፤ ጨጓራዬ መንደድ ሲጀምር ተውኩት። ራጅ ተነሳሁና «አጥንትሽ ደህና ነው» ተባልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሕመሙ የለም ያሉኝ መሰለኝ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ገላን በእንቅስቃሴ ወደሚያክሙበት ክፍል፣ ስላክ ነው። ባለሙያዋ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አልጋ ላይ ታስተኛኛለች ብዬ ስጠብቅ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ከዚያ ከመሳቢያዋ መርፌና ክር አወጣች። «እትዬ፣ እስቲ ሱቅዎ ያሉ ይመስል ይቀመጡና ክሩን ያስገቡልኝ» አለችኝ። ሳቅሁባት። ተቀብዬ የክሩን ጫፍ በምላሴ አርጥቤ፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቼ ማስገባት ጀመርኩ።

«አሁን እየተነፈሱ ነው?»

አልነበረም። ትንፋሼን ውጬ ይዤዋለሁ። ጥርሴ ገጥሟል። ግንባሬ ተኮማትሯል። አንገቴ ከደረቴ አንድ ስንዝር ቀድሞ ወጥቷል። ቀኝ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግቷል። አንድ ግራም ለማይሞላ መርፌ!

«ትከሻዎን ያውርዱት» አለችኝ። አወረድኩ። መዳፏን ከላዩ አሳርፋ ቆየችና «አልወረደም» አለች። እኔ እኮ አውርጄዋለሁ። መስተዋት ፊት አቆመችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ከግራው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። እኔ ግን እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ እንደወረደ ነው የሚሰማኝ። ስንት ዓመት ከተሰቀለ ማን ያውቃል።

እዚህ ላይ ያስረዳችኝ ነገር ሁሉንም ቀየረው። ጡንቻ በራሱ አይገተርም። የሚኮማተረው ከአንጎል በነርቭ በኩል ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ትእዛዙ ሲቆም ይለሰልሳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የጠነከረ ትከሻ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ እየደረሰው ነው ማለት ነው። ትእዛዙ ለረጅም ጊዜ ካልተቋረጠ አንጎላችን ዜና መሆኑን ይተወዋል፤ እንደ ተፈጥሯችን ይቆጥረዋል። በዚህ የተነሳ እኛው እየያዝነው ያዘኝ እንላለን። ጥፋት አይደለም፤ ሳናውቀው የሚሠራ ሥራ ነው። ግን ሥራ ከሆነ ማቆምም ይቻላል። ከዚያ ቀን ወዲህ «ምን ያዘኝ?» ማለት ትቼ «ምን ይዣለሁ?» ማለት ጀመርኩ።

መጀመሪያውኑ ለምን እንይዛለን? ሌሊት ውሻ ከበስተጀርባችሁ ድንገት ቢጮህ የምትሆኑትን አስቡት። ትከሻ ይነሳል፣ አንገት ይሸጎጣል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ሆድ ይጠነክራል፣ ትንፋሽ ይቆማል። አድሬናሊን የሚባል የድንጋጤ ሆርሞን ይረጫል፤ ልብ ይመታል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚያዘጋጅ ነገር ነው። ውሻው ከሄደ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ይለቃል። የቤት ኪራይ ግን አይሄድም። የልጅ ትምህርት ክፍያ አይሄድም። ቀሚስ አሰፍታ ሳትወስድ የጠፋች ደንበኛ፣ የጤፍ ዋጋ፣ ከአንዱ ወገን የሚመጣ ወሬ፣ ስልክ ሲጠራ «ምን ይሆን?» ማለት፣ ይሄ ሁሉ አለቀ የሚባልበት ሰዓት የለውም። ገላችን «በቃ፣ አልፏል» የሚለውን ወሬ ሳይሰማ ተሰናድቶ ያድራል።

ስለዚህ ጉዳይ ቀድሞ በደንብ ያጠናው ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሃርቫርድ ተማሪ ሳለ ሰዎች በድንገተኛ ድምፅ ሲደነግጡ የሚሆኑትን ይመረምር ነበር። ጡንቻቸውን ማላላት የቻሉ ሰዎች ድንጋጤያቸው እንደሚያንስ አየ። እ.ኤ.አ. በ1929 ዘዴውን በመጽሐፍ አሳተመው። ከሁሉም የገረመኝ በኋላ የሠራው ነው፤ የጡንቻን ኤሌክትሪክ በሚለካ መሣሪያ ሲያይ፣ ሰው ክንዱን ማጠፍን በሐሳቡ ብቻ ሲያስብ የክንዱ ጡንቻ በትንሹ ይሠራል። ይህን ስሰማ የሌሊቴ ነገር ገባኝ። ተኝቼ የነገውን ጨርቅ በሐሳቤ ስቆርጥ አድራለሁ። ለካ ትከሻዬም አብሮኝ ሲቆርጥ ነው የሚያድረው።

ሌላው ያስደነቀኝ «ቁጭ ብለሽ በምትሠሪው ሥራ ምን ይደክምሻል?» ለሚሉኝ መልስ የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጎራን ሄግ የተባለ የስዊድን ተመራማሪ ይህን ሐሳብ አቀረበ። ጡንቻ ቀላል ሥራ ሲሠራ ሁሉም ክሮቹ አይሠሩም። ትንንሾቹ ቀድመው ይነሳሉ፣ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ እስኪያርፍ ድረስም አይለቀቁም። በተረቷ ልጅ ስም ሲንድሬላ አላቸው፤ እንደ ቤት ልጅ ከሁሉም ቀድመው የሚነሱ፣ ከሁሉም በኋላ የሚተኙ። ሥራው ከባድ ስላልሆነ ሌሎቹ ሲያርፉ እነሱ ይቃጠላሉ። ኖርዌይ ውስጥ በማሸጊያ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ትከሻቸው በሥራ መሃል ለቅጽበት እንኳ ጸጥ የሚልበት ጊዜ ያነሰባቸው ሠራተኞች ላይ ሕመሙ ይበዛ ነበር።

ወንድሜ ደጀን አካባቢ ገበሬ ነው። ሲያርስ እኔ ከምሠራው በስንት እጥፍ የሚከብድ ሥራ ነው የሚሠራው። ግን ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፣ በሬዎቹን ያስተነፍሳል፣ እሱም ላቡን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይዞራል። ወገቡን ያመዋል፤ አያመውም አልልም። የኔ ዓይነት ማጅራት ግን የለውም። ችግሩ ክብደቱ ብቻ አይደለም። አለማቋረጡም ነው።

እንግዲህ የያዝኩትን ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት መንጋጋዬን ነው። ልብስ ሰፊ የሆነ ያውቀዋል፤ እስፒል በጥርስ ይዞ መሥራት ልማድ ነው። እኔ ጨርቅ ስሰካ አራት አምስት እስፒል ከንፈሬ ላይ አይጠፋም። እስፒሉ ካለቀ በኋላ ግን ጥርሴ እንደተነከሰ ይቀራል። ምግብ ካላኘክን ወይም ካልዋጥን ጥርስ ከጥርስ መገናኘት የለበትም። ከንፈር ይግጠም፣ ጥርስ ይለያይ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ይረፍ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ትራስ ሰፍቼ ግራ እጄ አንጓ ላይ አሰርኩ፤ እስፒሉን አሁን እሷ ላይ ነው የምሰካው። ይህች ትራስ ከዋጥኩት መድኃኒት ሁሉ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ዓይኔ ነው። አርባን ሳልፍ የቅርቡ እየጠፋኝ ሄዶ ነበር። ላለማመን መርፌውን ወደ ብርሃን፣ ራሴን ወደ መርፌው ሳስጠጋ ኖሬያለሁ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ሲሆን ደግሞ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት፣ አፍንጫዬ ጨርቁን ሊነካ ይደርሳል። የሰው ራስ ከ4 ተኩል እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ማጅራት የሚሸከመው ይጨምራል። የማንበቢያ መነጽር ገዛሁ። የአንገቴ ግማሽ ችግር የዓይን ነበር ብል አላጋነንኩም። ከአርባ በላይ ሆናችሁ አንገታችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ ከወጌሻ በፊት መነጽር ሞክሩ።

ሦስተኛው ሆዴ። እኛ ጎጃም መቀነት እንወዳለን፤ ወገብ ታሰረ ማለት ጉልበት ተገኘ ማለት ነው። እኔም ጠበቅ አድርጌ ነው የማስረው። ስንተነፍስ ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሆድ ወደ ፊት ቦታ ይለቅለታል። ሆድ ከታሰረ ወይም ራሳችን ከሳብነው አየሩ በደረት ላይኛው ክፍል ብቻ ይገባል። ያኔ የአንገት ጡንቻዎች ደረትን ወደ ላይ እየጎተቱ በመተንፈስ ሥራ ይገባሉ። በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንተነፍሳለን፤ አንገት ይህን ሁሉ ሲጎትት ሲውል ምን ሊሆን ነው? መቀነቴን አልጣልኩም። አላልቼ አስራለሁ። ሱሪ የሚለብስም ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ይልቀቅ።

የእግር ጣቶቼን ጫማዬ ውስጥ እጨብጥ ነበር። ጨርቅ ስቆርጥ መቀሱ ሲጫን ትከሻዬ ይነሳ ነበር፤ ወንበሬ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው፣ ከሥሬ የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረግሁ። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ አንዴ ካያችኋቸው ያልፋሉ።

የሚከብደው የማይታየው ነው። ለእሱ የጃኮብሰንን ዘዴ በየማታው እሠራለሁ። ልጆች ከተኙ በኋላ ፍራሽ ላይ በጀርባዬ እንጋለላለሁ፤ ከጉልበቴ ሥር ጋቢ አጣጥፌ አደርጋለሁ። ቀኝ እጄን እጨብጣለሁ። በሙሉ ኃይል አይደለም፤ የክንዴ መገተር በግልጽ እስኪሰማኝ ድረስ ብቻ። አምስት ሰከንድ ያህል ቆይቼ እተወዋለሁ። «እተወዋለሁ» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ቀስ እያሉ ማውረድ ራሱ ሥራ ነው፤ መልቀቅ ማለት ትእዛዙን ማቋረጥ ነው፣ እጅ ወደቀ ማለት ነው። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም ሳላደርግ ክንዴን አዳምጣለሁ። መሞቅ ይመጣል፣ መክበድ ይመጣል፣ አንዳንዴ ምንም አይመጣም። ቀጥዬ ግራውን፣ ከዚያ ትከሻዬን ወደ ጆሮ፣ ግንባሬን፣ መንጋጋዬን፣ ሆዴን፣ ጭኔን፣ እግሬን።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያልፈው ነገር አለ። መጨበጡ ግቡ አይደለም። መጨበጡ የሚያስፈልገው መገተር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ነው። ከሳምንታት በኋላ መጨበጡን እያሳነስኩ ሄድኩ። ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ፣ መጨረሻ ላይ ለሚያይ ሰው የማይታይ፣ ለኔ ግን የሚሰማኝ። ያንን ትንሹን መለየት ስጀምር ሱቅ ቁጭ ብዬ፣ ደንበኛ እያነጋገርኩ፣ ትከሻዬ ሲነሳ አገኘው ጀመር። ድሮ ሲያመኝ ነበር የማውቀው። አሁን ሳያመኝ በፊት አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያ ሰሞን ሰለቸኝ። እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ወይም የማደርሰው ቀሚስ ትዝ ይለኛል። አንዲት ወዳጄ ደግሞ ስትሞክረው ልቧ ይመታ፣ ጭንቀት ይይዛት ጀመር። ይህ የሚያጋጥማቸው ሰዎች አሉ፤ ዘብ ሆኖ የኖረ ገላ ዘቡን ሲፈቱበት ይደነግጣል። ዓይኗን ገልጣ፣ ቁጭ ብላ፣ እጇን ብቻ እንድትሠራ ነገርኳት። ከዚያ ሰላም ሆነላት። «ዘና በይ!» እያሉ ራስን መቆጣት ግን ለማንም አይሠራም። በቁጣ የላላ ጡንቻ አላየሁም።

ይህ መገተርና መልቀቅ ለኛ እንግዳ ነው እንዴ? ቢቸና የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ እስክስታ ስወርድ ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ሲዘገይ ተሰማኝ። እስክስታ ላይ ማንሳት ብቻውን ዋጋ የለውም። ካልለቀቅህ ምቱ ያመልጥሃል። ከበሮው እየጠነከረ ሲሄድ ቀኙም እየተፈታ መጣ። በላብ ተጠምቄ ስቀመጥ ማጅራቴ ለስልሶ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ስነግራት ሳቀችና «በየሳምንቱ ሠርግ ይፈልጉ» አለችኝ። ሠርግ ሲጠፋ በሬን ዘግቼ ብቻዬን እወርዳለሁ። ይሄን ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

ትንፋሽን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። በአፍንጫ አራት እስክትቆጥሩ አስገቡ፣ ስድስት እስክትቆጥሩ አውጡ። ማውጣቱ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። በኃይልና በብዛት መሳብ ግን ራስ ያዞራል፣ ጣትም ይደነዝዛል፤ ያኔ ማስገባቱን ማሳነስ ነው። እኔ ክር ሳስገባ አየር እያወጣሁ ነው የማስገባው። ተራ ነገር ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ስንቴ ክር እንደማስገባ ብታውቁ ተራ አይመስላችሁም።

ዕረፍትን ከሰዓት ጋር ማሰር አልቻልኩም። ሰዓት አላይም፣ ስልክም ሲጮህ ያበሳጨኛል። ከሥራው ጋር አሰርኩት። የስፌት መኪናዬ የታች ክር የሚጠነጠንበት ቦቢን ሲያልቅ እጄ ከጨርቁ ይነሳል፣ ጭኔ ላይ ይወድቃል፣ ትንፋሽ ይወጣል። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ቦቢኑን እሞላለሁ። ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤቴ ልጅ ተሳፋሪ ባወረደ ቁጥር መሪውን ይለቃል፤ መሪ አንቆ ይዞ ነበር የሚነዳው። አስተማሪ ከሆናችሁ ሰሌዳ በጠረጋችሁ ቁጥር። ስልክ ላይ ለሚውሉት ምን እንደምል አላውቅም። ልጄን አልቻልኳትም።

ቡና አልተውኩም። ጎጃም ተቀምጬ ቡና ተይ የሚለኝን አልሰማም። ግን የቡናው አነቃቂ፣ ካፌይን የሚባለው፣ ገብቶ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የማታውን ቡና ስንጠጣ እኔ አቦል ላይ አቆማለሁ፤ ቶናና በረካውን ለጨዋታው ቁጭ እላለሁ። እንቅልፌ ሲሻሻል ሕመሙም ቀነሰ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትንሹም ሕመም ይጎላበታል።

ሙቀት ይረዳል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞቅ ባለ ውሃ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሩብ ሰዓት ማጅራት ላይ ማድረግ። መራመድም ይረዳል፤ እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ አቀበቱን በእግሬ ነው። ወጌሻንም አልጠላም። መታሸት ደስ ይላል፣ ለቀኑም ያቀላል። ግን አንገታችሁን ይዞ ድንገት ጠምዘዝ አድርጎ ቋ ሊያሰኝ የሚሞክርን ሰው እንቢ በሉ። አንገት ውስጥ ወደ አንጎል የሚወጡ ደም ሥሮች አሉ፤ በእንዲህ ዓይነት ጥምዘዛ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ማስታገሻውንም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ ወር ሙሉ መዋጥ ከጨጓራ አልፎ ኩላሊት ይነካል፣ የደም ግፊት ይጨምራል።

ሁሉም ነገር ተስተካከለልኝ ስል፣ በውርስ መሬት ጉዳይ ከዘመድ ጋር ክስ ተጀመረ። ትከሻዬ በአንድ ሳምንት ተመልሶ ተሰቀለ። ድሮ ቢሆን አንድ ነገር ተበጠሰ ብዬ እደነግጣለሁ፤ ድንጋጤው ደግሞ ይበልጥ ይገትረኛል፣ መገተሩ ያመኛል፣ ሕመሙ ያስደነግጠኛል። እንዲህ ነው የሚዞረው። በዚያን ጊዜ ግን ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ። ፍርድ ቤት ውዬ ስመጣ መጀመሪያ ፍራሽ ላይ እንጋለላለሁ፣ ከዚያ ነው ስለ ክሱ የማወራው። ለነፍስ አባቴም አወራኋቸው። ብዙም አልመከሩኝም፤ «በልተሻል ወይ?» አሉኝ። አልበላሁም ነበር። ክሱ አሁንም አላለቀም። ትከሻዬ ግን ከሱ ጋር ቀጠሮ መቁጠር ትቷል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሁሉም ሕመም መገተር አይደለም። እጅ ወይም እግር እየሰነፈ፣ ዕቃ ከእጅ እየወደቀ፣ እየደነዘዘ ከሄደ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ቀን። ትከሻና ክንድ የሚያም ሆኖ ደረት ካፈነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ላብ ካጠመቀ ልብ ሊሆን ይችላል፤ አይታደርም። ወገብ ወይም ጀርባ እያመመ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመምም መታሸት የለበትም። እኔ ራጁን በመነሳቴ አልቆጭም፤ በድፍረት ፍራሽ ላይ የተጋደምኩት እሱን ስላየሁ ነው። መተኛት ካቃታችሁ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛችሁ፣ ማልቀስ ከበዛ ደግሞ ይህም ሕክምና ያለው ነገር ነው፤ በትከሻ ስም አትደብቁት።

አሁንም ነሐሴ ሲመጣ ይመጣል። እንደ ድሮው ግን አይከርምም።

ዘዴውን ዛሬ ማታ ልሞክር ለምትሉ፦ የደም ግፊት ያለባችሁና እርጉዝ የሆናችሁ ጠንክራችሁ አትጨብጡ፣ ስትጨብጡም ትንፋሽ አትያዙ። የቆሰለ ወይም በጣም የሚያም ቦታ ካለ እሱን ዝለሉት፤ ሌላው ሲላላ እሱም ሊከተል ይችላል። እግር ላይ ስትደርሱ ጣታችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ወደ ታች ከተጫናችሁት ባት ይሸመቅቃል፤ እኔን ሸምቅቆኝ እየጮህኩ ቤቱን ሙሉ ቀስቅሻለሁ።